አመድ የለበሰ ሣር፣ ሽበት ያበቀለ ድንጋይ

የታኅሣሥ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ከቃሊቲ አልፎ ወደ አቃቂ ሜዳ የወጣ ሰው ውርጩን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ይሰማዋል። ሣሩ ከጫማው ሥር ከሽ ከሽ ይላል። ትንሽ ወገግ ሲል ሜዳው ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጎንበስ ብሎ አንዲት የጓያ ቅጠል በቅርብ ላየ ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል። በቅጠሏ ጠርዝ ዙሪያ ከጨው ቅንጣት የሚያንሱ የበረዶ መርፌዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በጠርዙ ላይ ይረዝማሉ፤ ወደ መሐል ሲገባ ይሳሳሉ። በሁለት ቅጠሎች መካከል የተዘረጋችው የሸረሪት ድር ነጭ ፈትል መስላለች።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ በየረር ተራራ በኩል ብቅ ትላለች። መርፌዎቹ መጀመሪያ ያንጸባርቃሉ፤ ከዚያ ጫፋቸው ይለሰልሳል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው የውኃ ጠብታ ይሆናሉ። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሜዳው እንደ ወትሮው እርጥብ ሣር ነው። ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው በእጁ ያለችው ያቺ አንድ ሰዓት ብቻ ናት። ካመለጠችው ነገን ይጠብቃል፤ ነገም ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ነው።

ካሜራ ኢትዮጵያ ከገባ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ወደ ንጉሥ ፊት፣ ወደ ጦር ሰፈር፣ ወደ ሙሽራና ወደ ጉርድ ፎቶ ሲዞር ኖሯል። በደጃፍ ወዳለው ሣርና ድንጋይ ያጎነበሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። የአገሬው ዓይን ግን ካሜራውን ቀድሞት ነበር። ለዚህ ምስክሩ ቋንቋው ነው።

አማርኛ ለውርጭ ሌላም ስም አለው፤ አመዳይ ይለዋል። ቃሉን የሰማ ሰው አመድን ሳያስብ አይቀርም። በግዕዝም ሐመድ አመድ ነው፤ ሐመዳ ደግሞ በረዶና አመዳይ ነው። በድንጋይና በዛፍ ላይ የሚበቅለውን፣ የሥነ ሕይወት መምህራን ሞስና ላይከን እያሉ የሚለዩትን ለምለምና ግራጫ ልባስ ደግሞ ሕዝቡ የድንጋይ ሽበት፣ የዛፍ ሽበት ይለዋል። አንዱን አመድ፣ ሌላውን የሽማግሌ ጠጉር ብሎ የሰየመ ሰው በቅርብ፣ በትዕግሥት አይቶ ነው የሰየመው። የሁለቱም ስም የተቀዳው ከመልካቸው ነው፤ የፎቶግራፍ አንሺም ሥራ ከመልክ ይጀምራል።

ውርጭ የሚለው ቃል ከዚያም አልፎ የአገሪቱን ካርታ ይከፍላል። ኢትዮጵያውያን ምድራቸውን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያሉ ወደ ላይ ሲወጡ የመጨረሻውን እርከን ውርጭ ብለው ይጠሩታል፤ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው ነው። አቃቂ ከ2,100 ሜትር ብዙም ያልራቀ ወይና ደጋ ነው። በካርታው መሠረት ውርጭ እዚህ ቤት የለውም፤ በእንግድነት እየመጣ ያድራል እንጂ።

ስለ ኢትዮጵያ ብርድ የተጻፈው የድሮ ምስክርነትም ወደ ከፍታው ይወስዳል። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች መዝመቱን ይናገራል። በዚያ ያሉት ተራሮች ብርድና በረዶ የማይለያቸው፣ እግር እስከ ጉልበት የሚሰጥምባቸው መሆናቸውን ንጉሡ ከድሉ ጋር አብሮ አስቀርጾታል። ከዚያ ወዲህ ውርጭ ሲነሳ ሐሳብ ሁሉ ወደ ራስ ዳሽን ይሄዳል። የአቃቂው ሜዳ ማንንም አላስታወሰም።

ገበሬውን ግን ሳያስታውሰው ውሎ አያውቅም። የአቃቂ ምድር በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ጤፉ ወደ አውድማ ሲሄድ፣ እነሱ ገና አረንጓዴ ናቸው። ውርጭ የሚያገኛቸው በዚሁ ዕድሜያቸው ነው። በአካባቢው ኦሮምኛ ቆራ የሚለው ቃል ብርዱንም ውርጩንም ይጠራል። ቅጠሉ በነጋታው ጠቁሮና ተኮማትሮ ሲገኝ አማርኛ ተናጋሪው ‘ውርጭ መታው’ ይላል፤ በጅራፍ እንደተገረፈ ሰው። ፎቶ አንሺው በደስታ የሚጠብቃት ሌሊት ለባለ ማሳው የጭንቅ ሌሊት ናት። ይህን የሚያውቅ ሰው ማሳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዳል፤ እግሩንም በቦይ ላይ ያደርጋል።

ካሜራው ወደዚህ አገር የመጣው በሌላ ጉዳይ ነበር። በኢትዮጵያ ምድር ቀደም ብለው ፎቶግራፍ ካነሱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1859 የመጣው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ነው። ኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ ታስሮ መቅደላ ላይ የቆየው እሱ ራሱ ነው። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሊወጋ ሲመጣ ፎቶግራፍ የሚያነሱ መሐንዲሶች አብረው ነበሩ። የጫኑት ካሜራ፣ መስተዋትና የኬሚካል ጠርሙስ ዳገቱን ሁሉ ወጥቷል። መንገዱን፣ ገደሉን፣ የሰንዓፌን ቋጥኝና የመቅደላን አምባ አንስተዋል። ያ ዘመን ድንጋይን ያነሳው ጦር የሚያልፍበትን ለማወቅ ነበር፤ በድንጋዩ ላይ ምን እንደበቀለ የጠየቀ የለም።

በምኒልክ ዘመን ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ተከተሉት፤ አንድ ቤተሰብ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ የነገሥታቱን ፊት በመስተዋትና በፊልም ላይ አኖረ። ከዚያ በኋላ እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜና ከዚያም ወዲህ ካነሱት አንዱ ሽመልስ ደስታ ነው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ባይኖር የአገሪቱ የዘመን መልክ ግማሹ በጨለማ ይቀር ነበር። ትኩረታቸው ግን ፊት፣ ካባ፣ ዘውድና ሰልፍ ላይ ነበር።

አቃቂ በዚህ ታሪክ ውስጥ መተላለፊያ ናት። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂን አቋርጦ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ በባቡር የመጣ የፎቶግራፍ ወረቀት፣ ፊልምና ሌንስ ሁሉ በዚህ ሜዳ ላይ አልፏል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለዋለው የኃይለ ሥላሴ ንግሥ የመጡት የውጭ እንግዶችና ጋዜጠኞች ዋና መንገዳቸው ይኸው ሐዲድ ነበር። ወቅቱ ጥቅምት ነው፤ ሰማይ የሚጠራበት፣ ሌሊቱ የሚበርድበት፣ የሀገሬው ሰው ‘በጥቅምት አንድ አጥንት’ የሚልበት። በማለዳው ባቡር መስኮት የነጣ ሣር ያዩ አይጠፉም ይሆናል። ካሜራቸው ግን በሻንጣ ውስጥ ዋና ከተማውን ይጠብቅ ነበር።

ሁለት የውጭ ፎቶ አንሺዎች ግን ምድሪቱን በሁለት ተቃራኒ ርቀት አይተዋታል። እ.ኤ.አ. በ1934 ስዊዘርላንዳዊው አብራሪ ዋልተር ሚተልሆልዘር ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን አምጥቶ ኢትዮጵያን ከሰማይ አነሳ። በዓመቱ፣ የጣልያን ወረራ ሲቃረብ፣ አልፍሬድ አይዘንስታት መጣ። ከሥራዎቹ እጅግ ከታወቁት አንዱ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ፊት የለም፣ መሣሪያ የለም፤ ጭቃ የደረቀበት፣ እንደ በጋ ጥቁር አፈር የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ብቻ። ያ ሥዕል ካሜራ አንገቱን ሲደፋ ምን ሊያገኝ እንደሚችል አሳይቷል።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ፎቶ ቤት የሚባለው ሥራ በየሰፈሩ ተስፋፋ። ከነጻነት በኋላ አቃቂና ቃሊቲ የፋብሪካ ሰፈር ሲሆኑ፣ በሕንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ሌሎችም ሠራተኛ ሲቀጥሩ፣ ጉርድ ፎቶ የኑሮ አካል ሆነ። መታወቂያ ያለ ጉርድ ፎቶ አይወጣም፤ ማመልከቻም ያለ እሱ አይገባም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቤተሰብ አምሮ ይመጣል። በፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሸራ ተሰቅሏል፤ በሸራው ላይ ፏፏቴ፣ ሐይቅ፣ ጽጌረዳ ተሥሎበታል። ሰዎች ተፈጥሮን ከጀርባቸው አድርገው መነሳት ይወዱ ነበር፤ ተፈጥሮዋ ግን በቀለም የተሣለች የሌላ አገር ተፈጥሮ ነበረች። ከፎቶ ቤቱ ውጭ፣ የክረምት ዝናብ በሚወርድበት የድንጋይ አጥር ላይ፣ እውነተኛው አረንጓዴ ማንም ሳያነሳው በቅሎ ይደርቅ ነበር።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሌላ ነገር መጣ። የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የመረጡት መፈክር የ13 ወር ፀሐይ የሚለው ነው። 13 ወር ያላትን አገር ከፀሐይዋ ጋር ያስተሳሰረ፣ በፖስተርና በፖስታ ካርድ ዓለምን ያዳረሰ ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ምድረ ቀደምት በሚለው እስኪተካ ድረስ ግማሽ ምዕት ዓመት አገልግሏል። ከዚያ መፈክር በታች የታተመ ፎቶግራፍ ሁሉ ብሩህ ነው። ላሊበላ፣ ፋሲል ግንብ፣ ጭስ ዓባይ፣ ጥምቀት። በእንዲህ ያለ አልበም ውስጥ ውርጭ የነካው ሣር ቦታ ሊያገኝ አይችልም ነበር። በታኅሣሥ ማለዳ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ያለበት አገር መሆኑን የሚያውቀው ነዋሪው ብቻ ነበር።

በሌላው ዓለም ከቤታቸው ሳይርቁ ትንንሽ ነገሮችን ያነሱ ሰዎች ታሪክ ረጅም ነው። እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1843 የባሕር አልጌዎችን ያለ ካሜራ፣ በፀሐይ ብርሃን ብቻ፣ በሰማያዊ ወረቀት ላይ አትማ መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች። ከፎቶግራፍ ጋር ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው የእሷ ነው። አሜሪካዊው ገበሬ ዊልሰን ቤንትሊ ደግሞ ቬርሞንት ውስጥ ጄሪኮ በምትባል መንደር ማይክሮስኮፕን ከካሜራ ጋር አጋጥሞ ጥር 15 ቀን 1885 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዋን የበረዶ ቅንጣት አነሳ። እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አንስቷል። የመስኮት ውርጭና ጤዛም አልቀሩትም። ትንፋሹን ይዞ፣ በማይሞቅ ክፍል ውስጥ፣ ቅንጣቷ ከመጥፋቷ በፊት። ከሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1931 ሥራው በመጽሐፍ ወጣ። ይህ ሰው ለሥራው ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገውም፤ የእርሻው ሰማይ በቃው።

በኢትዮጵያ ወደ ሽበቱ የቀረቡት መጀመሪያ ዕፅዋት ሰብሳቢዎች ናቸው። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ ለ40 ዓመት ያህል በትግራይና በሰሜን ኖሮ ያደረቃቸውን ዕፅዋት ወደ አውሮፓ ሲልክ ኖሯል። የአጎቱ ልጅ ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ ስትራስቡርግ ውስጥ የሞስ ጥናት ሊቅ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርባሪየም ከተቋቋመ በኋላ የሀገሪቱ ዕፅዋት በሀገሪቱ ምሁራን እጅ መመዝገብ ጀመሩ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሰብስቤ ደምሰው ከስዊድናዊቷ ኢንጋ ሄድበርግና ከሱ ኤድዋርድስ ጋር ሆነው የመሩት የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ፈጅቶ በ8 ቅጾች ተጠናቀቀ። አበባ ያላቸው ዕፅዋትና ፈርኖች ገብተውበታል። ሞስ አልገባም። ከአንድ ትውልድ ድካም በኋላም የድንጋይ ሽበት ተራው ገና ነው።

ይህ ማለት ማንም አላያቸውም ማለት አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ስለሺ ነሞምሳና ስዊድናዊው ክሪስቶፈር ሂላንደር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ደንና ጓሮ ውስጥ በዛፍ ግንድ ላይ የሚኖሩ ሞሶችንና ፈርኖችን መርምረዋል። በጓሮ ቡና ላይ ያሉት ጥላ ዛፎች ለነዚህ ትንንሽ ፍጥረታት መጠጊያ መሆናቸውን አሳይተዋል። ደን ሲመነጠር መሸሸጊያቸው ሰው ከቤቱ አጠገብ የተከለው ዛፍ ይሆናል ማለት ነው።

አቃቂ ጫካ የላትም። እርጥበቷ ከእንጦጦ ያንሳል፤ ዛፏም የተመናመነ ነው። ስለዚህ ሽበት ፍለጋ ድንጋይ መፈለግ ነው። የድሮ የድንጋይ አጥር፣ የድልድይ እግር፣ በወንዝ ዳር ያለ ጥቁር ቋጥኝ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ አካባቢም አለ። ይህ ግድብ ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ተቋም ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሷል። በዙሪያው ያለው ረግረግ በበጋ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሽመላዎችን የመሰሉ ትልልቅ ወፎች የሚያርፉበት በመሆኑ ወፍ የሚያነሱ ሰዎች ያውቁታል። ረጅም ሌንሳቸውን ወደ ሜዳው ሲያነጣጥሩ የቆሙበት ድንጋይ ላይ ያለው ግን ከእግራቸው በታች ይቀራል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ያንን ድንጋይ በቅርብ ማየት ነው። ከሩቅ አረንጓዴ ቬልቬት የመሰለው ነገር ከጣት ርቀት ሲታይ እልፍ ትንንሽ ኮከቦች ነው። እያንዳንዷ ተክል ከምስር ፍሬ ብዙ አትበልጥም፤ ቅጠሎቿ ዙሪያዋን ተደርድረዋል። ከአንዳንዶቹ መሐል ቀይ ቡናማ ክር ብቅ ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ሙዳይ ክዳን ያለው ትንሽ ከረጢት ይዟል። ዘሩ፣ ማለትም ዱቄት የሚመስለው ስፖር፣ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። ውኃውን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው፤ የሚያስፈልገውን ማዕድንም የሚያገኘው ከዝናብና ከነፋስ ነው። በዚህም ምክንያት በጋ ሲመጣ ይኮማተራል፣ ይጠቁራል፣ የሞተ ይመስላል። በየካቲት ድርቅ አንድ ኩባያ ውኃ ቢፈስበት ብዙዎቹ ዝርያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ተዘርግተው ይለመልማሉ። ይህን ለውጥ በተከታታይ ፎቶ ያነሳ ሰው ትንሣኤን የሚያህል ነገር በስልኩ ይዟል።

ከሌላ አገር የመጡ መጻሕፍት ሞስ በድንጋይ ሰሜን ጎን ይበዛል ይላሉ። አቃቂ ላይ ይህ አያስኬድም። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ የቀትር ፀሐይ አዲስ አበባን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ በቀሪው ዓመት በደቡብ። ስለዚህ ጥላውን የሚወስነው አቅጣጫ ሳይሆን የድንጋዩ ዘንበል ማለት፣ የውኃው መውረጃና በአጠገቡ ያለው ግድግዳ ነው። የሰፈሩን ሽበት የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው የሆነው ለዚህ ነው።

የውርጩም ምሥጢር እንዲሁ በሰፈር ደረጃ ነው። ሰማይ ጠርቶ ነፋስ በማይኖርበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይፈስሳል። የሜትሮሎጂ ቴርሞሜትር ከመሬት ከፍ ብሎ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲያሳይ ሣሩ ላይ ያለው ብርድ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያን ጊዜ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ውኃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ሆኖ ቅጠል ላይ ያርፋል። ስለዚህ በኮረብታው ላይ ያለው ቤት ጤዛ ብቻ ሲያይ፣ ከሥሩ በወንዙ ዳር ያለው የቆስጣና የሰላጣ መደብ ነጭ ሆኖ ያድራል። በ500 ሜትር ልዩነት ሁለት ሌሊት አለ።

ይህን የሚያነሱ ሰዎች ሙያው ያስተማራቸው ነገር አለ። ነጭ ሜዳ ሲያይ ካሜራ ይሳሳታል፤ ውርጩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ መርፌዎቹ ጥላ ይጥላሉ፣ ቅርጻቸውም ይወጣል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ተለዋጩን በደረት ኪስ መያዝ ይጠቅማል። ከሁሉ በላይ ትንፋሽ ነው፤ ቅጠሉ ላይ አንዴ ከተነፈሱበት የሌሊቱ ሥራ በቅጽበት ይቀልጣል። ለሽበት ደግሞ ደመናማ ቀን ተመራጭ ነው፤ ለስላሳ ብርሃን አረንጓዴውን ያወጣዋል። ማክሮ ሌንስ የሌለው ሰው ስልኩን በድንጋዩ ላይ አስደግፎ፣ መስተዋቱን ጠርጎ፣ ጣቱን ትክክለኛው ቦታ ላይ ተጭኖ ፎከሱን ቢይዝ ብዙ ይሠራል። በሁለቱም ጉልበት ሥር ፌስታል ማንጠፍ ግን ግድ ነው።

እነዚህ ሥዕሎች ከውበታቸው ሌላ ከባድ ጥቅም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዊልያም ኒላንደር የተባለ ሊቅ ፓሪስ ውስጥ ላይከን ከከተማው መሐል እየጠፋ መሆኑን፣ በአንድ የአትክልት ሥፍራ ግን ገና መኖሩን አይቶ የአየሩ ንጽሕና መለኪያ እንደሚሆን ጻፈ። ከ100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ሞስን ሰብስበው ከአየር የወረደበትን እርሳስና ሌላ ከባድ ብረት መለካት ጀመሩ፤ ዛሬ ዘዴው በአውሮፓ ሰፊ ነው። ሥር የሌለው ተክል ከአፈር አይጠጣም፤ የያዘው ሁሉ ከአየርና ከዝናብ የመጣ ነው። አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ የፋብሪካ መንደር ናት፤ የወንዞቿ መበከል ለነዋሪው የዕለት ተዕለት እውነት ነው፤ የአባ ሳሙኤል ውኃም በእምቦጭ ይሸፈናል። አንድ ድንጋይ በየዓመቱ ነሐሴ 10 ቀን ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ ርቀት ቢነሳ በ10 ዓመት ውስጥ ስለ ሰፈሩ አየር የሚናገረው ይኖረዋል። የመጀመሪያው ውርጭ በየዓመቱ በስንት ቀን እንደታየ በፎቶ የመዘገበ ሰውም ለገበሬውም ለተመራማሪውም የሚሆን ማስረጃ ይዟል። በእያንዳንዱ ዲጂታል ፎቶ ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ መቀመጡ የቦያጂያን ዘመን ሰዎች ያላገኙት ትልቅ ዕድል ነው።

ዕድሉ ግን ከሜዳው ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። ቂሊንጦ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቆመዋል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በኮንዶሚኒየም ተሞልተዋል። ሰው ቤት ማግኘቱ ደስ ያሰኛል። ይሁንና አስፋልትና ሲሚንቶ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቁ በተገነባው ሰፈር ውርጭ እየራቀ ይሄዳል፤ የጓያውም ማሳ ከነአመዳዩ ይጠፋል። አሮጌው የድንጋይ አጥር ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው ሽበት በአንድ ቀን ከፍርስራሹ ጋር ይጫናል።

የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ራሱ ግን ወደዚህ ዓይነቱ ገጽታ ፊቱን እያዞረ ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከቤተ መንግሥትና ከሠርግ ውጭ ለሆነ ሥራ በአዲስ አበባ መድረክ ከፍቷል። የዘይት ቀለም አላስማማ ብሎት ከሥዕል ወደ ፎቶግራፍ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬ በመቃብር ድንጋዮች ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን የሟቾች ፎቶዎች አንስቷል። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ፊቱ ጠፍቶ የቀረው እርጥበትና ብርሃን የሠሩት ቅርጽ ነው። ጉርድ ፎቶው ራሱ ድንጋይ ላይ ሲያረጅ ሽበት አብቅሏል ማለት ይቻላል።

ዛሬ በአቃቂ አንድ ወጣት በሳምንቱ መጨረሻ ሠርግ ሲያነሳ ውሎ፣ ሰኞ ማለዳ በዚያው ካሜራ የወንዝ ዳር ሣር ሊያነሳ ይችላል። ፈቃድ የሚጠይቀው ቤተ መንግሥት የለም፤ የሚጠይቀው ባለ ማሳውን ነው። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ትንፋሹን ወደ ጎን ያወጣል። አንዲት የሽምብራ ቅጠል ሌንሱን ሞልታዋለች። ከበስተጀርባው ከቱሉ ዲምቱ ፎቆች በጥቂቶቹ ላይ መብራት በርቷል፤ የመጀመሪያው ታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ባለ ማሳው ጋቢውን ተከናንቦ ከቦዩ ማዶ ቆሞ ያየዋል፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ በካሜራው ጀርባ ያለውን ምስል ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። በየረር በኩል ሰማዩ ቀልቷል፤ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ የመጀመሪያዋ መርፌ መንጠባጠብ ጀምራለች።